የማይፈታው ብሎን
(ለፕሮጀክት ሠራተኞች፣ ለሾፌሮችና ለምእመናን ተወካዮች በተዘጋጀ የሥልጠና ስብሰባ ላይ የተደረገ ንግግር)



የዚህ ስብሰባ አዘጋጆች ስለ መኪና አያያዝ አንድ ነገር እንድናገር በጠየቁኝ ጊዜ በመጀመሪያ ያሰብሁት ስለ ሞተር ዘይትና ስለ ጎማ ለመናገር ነበር። ዳሩ ግን ይህን ሾፌሮቻችን ከእኔ ይበልጥ ያውቁታል። እኔ የተማርሁት በመጽሐፍ ቅዱስ ትምህርት ቤት እንጂ በጋራዥ አይደለም። ስለዚህ በገዛ እጄ አበላሽቼው በሌላ ሰው እጅ ሲቃና ስላየሁት አንድ ነገር ብቻ ልናገር ወሰንሁ። ይኸውም ከመኪና ጭስ ማውጫ ላይ ዝጎ አልፈታ ስላለ አንድ ብሎን ነው።

አንዳንዶቻችሁ ፈገግ ስትሉ አያለሁ። «ስለ አንድ ብሎን ምን የሚነገር አለ?» ትሉ ይሆናል። እኔም አስቀድሜ እንዲሁ አስብ ነበር። ነገሩን ከሥሩ ላጫውታችሁ።

ከጥቂት ዓመታት በፊት ከኮምቦልቻ ወጣ ብሎ በሚገኝ የገጠር አካባቢ በጤናና በውሃ ፕሮጀክት ላይ እሠራ ነበር። አንዲት አሮጌ የናፍታ መኪና ነበረችን። መድኃኒት የምታመላልሰው፣ የውሃ ቱቦ የምትጭነው፣ ሕሙማንን ወደ ሆስፒታል የምታደርሰው እርስዋው ነበረች። በነሐሴ ወር ወደ ቦርከና የሚወርዱትን ጅረቶች በቀን ሁለትና ሦስት ጊዜ ትሻገራለች። ልብ በሉ፤ በእሳት የጋለ ብረት ቀዝቃዛ ውሃ ውስጥ ይገባል፤ ይወጣል፤ ደግሞም ይገባል።

አንድ ቀን ከክትባት ሥራ ስንመለስ ነርሳችን፣ «ዛሬ ራሴን በጣም አሞኛል፤ መኪናው ውስጥ ጭስ ጭስ ይለኛል» አለችኝ። ቦኔቱን ከፍተን ብናይ ጭስ ማውጫው ከሞተሩ ጋር በሚገጣጠምበት ቦታ ላይ ዙሪያውን ጥቀርሻ ለብሷል። በመካከሉ ያለው ጓርኒሲዮን ተቃጥሎ ጭሱ በዚያ በኩል ያፈተልክ ነበር። ሥራው ቀላል መሰለኝ፤ ሦስት ዳዶ ፈትቶ፣ አዲስ ጓርኒሲዮን አግብቶ መልሶ ማሰር ነው። «ወደ ጋራዥ ወስደን ገንዘብ ከምናወጣ እኔው እሠራዋለሁ» አልሁ።

አንደኛው ዳዶ ተፈታ። ሁለተኛው ትንሽ ተከራክሮ ተፈታ። ሦስተኛው ግን እምቢ አለ። በእጄ የነበረው አፉ የተበላ መፍቻ ነበርና ሲንሸራተት የዳዶውን ማዕዘን ላጠው። ተናደድሁ። በፒንሳ ያዝሁት፤ አልሆነም። በመጨረሻም ረዥም ቱቦ አመጣሁና በመፍቻው ጫፍ ላይ ሰክቼ በሙሉ ኃይሌ ተንጠለጠልሁበት። «ቀጭ!» የሚል ድምፅ ሰማሁና ተፈታልኝ ብዬ ደስ አለኝ። ነገር ግን አልተፈታም፤ ተሰበረ። ብሎኑ ከሥሩ ተቆርጦ ቀሪው ጉማጅ በማኒፎልዱ ውስጥ ቀረ። የቸኮለ አፍሶ ለቀመ ማለት ይህ ነው።

መኪናዋ ሦስት ቀን ቆመች። በሁለተኛው ሌሊት ከላይኛው መንደር አንዲት ምጥ የጠናባት እናት አለች ተብሎ ተላከብን። መኪናዋን ማስነሣት አልቻልንም። የመንደሩ ጎረምሶች በቃሬዛ ተሸክመው፣ በዝናብና በጭቃ እየተቀባበሉ፣ እስከ አስፋልቱ ድረስ በእግር አወረዷት። እዚያም የጭነት መኪና አግኝታ ሆስፒታል ደረሰች። እናቲቱም ሕፃኑም በሕይወት ተረፉ፤ ስለዚህ እግዚአብሔርን አመሰግናለሁ። ሆኖም እኔ ያንን ሌሊት በባትሪ መብራት ከቃሬዛው ኋላ ስሄድ በልቤ የማስበው ስለዚያች ብሎን ነበር። ከሳምንት በኋላ ባልዮው መጥቶ አንድም የወቀሳ ቃል ሳይናገረኝ፣ «ወንድሜ፣ መኪናዋ ተሠራች ወይ?» ሲል ጠየቀኝ። ወቅሶኝ ቢሆን ይቀለኝ ነበር።

እንግዲህ በሦስተኛው ቀን ምን እንደ ተደረገ ከመናገሬ በፊት፣ ብሎን ለምን እንደሚጣበቅ በአጭሩ ልግለጽ። ምክንያቱን ያወቀ ሰው አይናደድምና።

በመኪና ላይ ካሉት ብሎኖች ሁሉ የጭስ ማውጫው ብሎን ኑሮው የከፋ ነው። ሞተሩ ሲሠራ በብዙ መቶ ዲግሪ ይግላል፤ ሲጠፋ ይቀዘቅዛል። በጋለ ጊዜ ብረት ይለጠጣል፤ በቀዘቀዘ ጊዜ ይኮማተራል። ይህ በየቀኑ ይደጋገማል። በላዩ ላይ የነበረው ቅባት ሁሉ ተቃጥሎ ያልቃል። ውሃ ደግሞ ከውጭ ብቻ አይመጣበትም። አንድ ሊትር ናፍታ ሲቃጠል አንድ ሊትር የሚያህል ውሃ በእንፋሎት መልክ በጭስ ማውጫው ይወጣል። ጧት ጧት ከቀዘቀዘ መኪና ጭስ ማውጫ ውሃ ሲንጠባጠብ የምታዩት ከዚሁ የተነሣ ነው።

ብረት ከውሃና ከአየር ጋር ሲገናኝ ይዝጋል። ዝገት ደግሞ አንድ ክፉ ጠባይ አለው፤ ከተሠራበት ብረት ከሁለት እጥፍ በላይ ቦታ ይይዛል። በብሎኑና በዳዶው ጥርስ መካከል ያለው ክፍተት እጅግ ጠባብ ስለሆነ፣ ዝገቱ በዚያ ውስጥ ሲያብጥ እንደ ሽብልቅ ሆኖ ሁለቱን ያጣብቃቸዋል። ስለዚህ ብሎኑን የያዘው የእኛ ያህል ጉልበት ያለው ጠላት አይደለም፤ ትንሽ ዱቄት ነው። ዱቄቱን ማላቀቅ እንጂ ብረቱን መታገል ትርፉ ስብራት ነው።

በሦስተኛው ቀን ሁላችን «ጋሼ» የምንላቸው አንድ አረጋዊ መካኒክ ከከተማ መጡልን። እንደ መጡ እጃቸውን ወደ መፍቻ አልሰደዱም። መኪናው ሥር ተኝተው ረዥም ጊዜ ዝም ብለው ተመለከቱ። ከዚያም፣ «በምን ያህል ቱቦ ነው የጠመዘዝኸው?» አሉኝ። እጄን ዘርግቼ አሳየኋቸው። ሳቁና፣ «ልጄ፣ ብረት ሲቆጣ አብረኸው አትቆጣ። እሱ አይደክመውም፤ አንተ ትደክማለህ» አሉኝ።

ቀጥለው የባትሪውን ገመድ ነቀሉ። በመኪና ላይ የኤሌክትሪክ ብየዳ ሲደረግ ባትሪው መነቀል አለበት። በተሰበረው ጉማጅ ላይ አንድ አዲስ ዳዶ አስቀመጡና በመካከሉ ባለው ቀዳዳ በኩል ዳዶውን ከጉማጁ ጋር በየዱት። ማኒፎልዱ ቀልጦ የፈሰሰ ብረት ስለሆነ ብየዳው እሱን በቀላሉ አይዝም፤ ጉማጁን ግን ይይዘዋል። በዚያውም ሙቀቱ እስከ ጥርሱ ድረስ ገብቶ ዝገቱን ያላቅቀዋል። ቅላቱ እስኪጠፋ ጠበቁና ተራ ሻማ አውጥተው በሞቀው ጥርስ ዙሪያ አስነኩት። ሰሙ ቀልጦ ወደ ውስጥ ተሳበ። ከዚያም በመፍቻ ጥቂት ወደ ማጥበቅ፣ ጥቂት ወደ መፍታት፣ እንደገና ወደ ማጥበቅ፣ እንደገና ወደ መፍታት እያደረጉ፣ እኔ በጉልበት የሰበርሁትን እሳቸው በሁለት ጣት ያህል ኃይል አወጡት። እኔም አጠገባቸው ሆኜ ሥራቸውን አንድ በአንድ በማስታወሻዬ ጻፍሁ። ዛሬ ለእናንተ የማካፍለው ከዚያ ማስታወሻና ከዚያ ወዲህ ከሠራሁት ነው።

1ኛ. አስቀድሞ ጥንቃቄ። መኪናው ይቀዝቅዝ። በክሪክ ብቻ ተደግፎ ከቆመ መኪና ሥር ማንም አይግባ። ጠንካራ መቆሚያ ወይም ወፍራም ግንድ ይደረግ፤ ብሎኬት ሊፈረካከስ ይችላልና አይታመንም። ጎማዎቹም በሁለት በኩል ይታገቱ። ዝገት ዐይን ውስጥ ይወርዳልና መነጽር አድርጉ።

2ኛ. ማጽዳት። ከዳዶው ውጭ ተርፎ የሚታየውን ጥርስ በሽቦ ብሩሽ አጥሩት። ዳዶው ሊወጣ የሚሄደው በዚያ መንገድ ላይ ነው። መንገዱ በቆሻሻ ተሞልቶ ሳለ ዳዶውን ማስወጣት፣ በሩን ዘግቶ እንግዳን ውጣ እንደ ማለት ነው።

3ኛ. ቅባት መስጠትና መታገሥ። ለዛገ ብሎን የተዘጋጀ ቀጭን ዘይት በየሱቁ አለ። ከሌለ ናፍታን ከጥቂት የሞተር ዘይት ጋር ቀላቅላችሁ ተጠቀሙ፤ አቅሙ አነስተኛ ቢሆንም ጊዜ ከተሰጠው ይረዳል። ማታ ቀብታችሁ እደሩ፤ ጧት ድገሙት። ብዙዎቻችን ዘይቱን አፍስሰን ወዲያው መጠምዘዝ እንጀምራለን። ዘይቱ በዚያ ጠባብ ክፍተት ውስጥ ለመግባት ሰዓታት ያስፈልጉታል። ነገ የምትሠሩትን ብሎን ዛሬ ቀቡት።

4ኛ. ትክክለኛ መፍቻ። አፈ ክፍት መፍቻ ዳዶውን በሁለት ወገን ብቻ ስለሚይዝ ማዕዘኑን ይልጠዋል። ስድስት ማዕዘን ያለው ቡሶላ ግን ስድስቱንም ወገን ይይዛል። ዳዶው በዝገት ተበልቶ ካነሰ፣ በልክ የሚጠብቀውን ቡሶላ በመዶሻ ቀስ አድርጎ መሰካት ይቻላል። አፉ የተበላ መፍቻ ካላችሁ ግን ዛሬውኑ ከሣጥናችሁ አውጡት፤ ርካሽ መስሎ ብዙ ያስከፍላል።

5ኛ. አቅጣጫን ማወቅ። ዳዶውን ፊት ለፊት ስታዩት የሚፈታው ከሰዓት ቆጣሪ እጅ በተቃራኒ፣ ወደ ግራ ነው። ነገር ግን በጀርባችሁ ተኝታችሁ፣ ፊቱን ወደ ላይ ያዞረውን ዳዶ ከሥር በኩል ስትይዙት አቅጣጫው የተገለበጠ ይመስላል። ስንት ሰው ፈታሁ ሲል አጥብቆ ሰብሯል! ከመጠምዘዛችሁ በፊት ከዳዶው ፊት ለፊት እንደ ቆማችሁ አድርጋችሁ በዐይነ ልቡናችሁ ተመልከቱ።

6ኛ. ማንኳኳት፣ ወዲያና ወዲህ ማለት። የዳዶውን ጎን በመዶሻ ደጋግማችሁ ምቱት፤ ንዝረቱ ዝገቱን ይሰነጣጥቀዋል። ከዚያ በመጀመሪያ ጥቂት ወደ ማጥበቅ ሞክሩ፤ ቀጥሎ ወደ መፍታት። ሩብ ዙር ከተፈታ ግማሹን መልሱ፤ ዘይት ጨምሩ። ያለማቋረጥ ወደ አንድ ወገን ብቻ ብትጠመዝዙ የተፈጨው ዝገት ከፊት ተጠራቅሞ እንደገና ይነክሳል። ብሎኑ እየተጠመዘዘ ዳዶው ካልተንቀሳቀሰ፣ ወይም መፍቻው እንደ ላስቲክ ልል ከመሰላችሁ፣ እጃችሁን አንሡ። ይህ ሊሰበር መሆኑን የሚነግራችሁ ምልክት ነው። እኔ ምልክቱ ተሰምቶኝ ነበር፤ አልሰማሁትም እንጂ።

7ኛ. ሙቀት። ይህ አልበቃ ሲል በእሳት ይሠራል። ማሞቅ የሚገባው ዳዶውን ነው። ብረት ሲሞቅ ወደ ሁሉም ወገን ስለሚለጠጥ የዳዶው ቀዳዳ ይሰፋል እንጂ አይጠብም። የ10 ሚሊሜትር ዳዶ በ500 ዲግሪ ቢሞቅ ቀዳዳው ወደ 0.06 ሚሊሜትር ያህል ይሰፋል። ይህ የአንድ ቀጭን ፀጉር ያህል ቢሆንም ዝገቱን ለመስበር ይበቃል። በጥላ ሥር ፈዘዝ ያለ ቅላት እስኪያሳይ ማሞቅ በቂ ነው። ማስጠንቀቂያው ግን ብዙ ነው፤ የነዳጅ ታንከር፣ የነዳጅ መስመር፣ የፍሬን ቱቦና የኤሌክትሪክ ሽቦ በአቅራቢያው ካሉ እሳት አይቅረብ። የቀባችሁት ዘይት ራሱ ይቀጣጠላልና አስቀድማችሁ ጥረጉት። ክሎሪን ያለበት የፍሬን ማጽጃ የነካውን ብረት ፈጽሞ አታሙቁ፤ መርዛማ ጋዝ ያወጣል። አሸዋና እሳት ማጥፊያ ያዙ፤ ብቻችሁንም አትሥሩ። በዚህ ሥራ ያልሠለጠነ ሰው ለባለሙያ ይተወው።

8ኛ. ዳዶውን መሠዋት። ዳዶ ርካሽ ነው፤ ማኒፎልድ ግን ውድ ነው። አንድ ጎኑን በሴጌቶ ቆርጣችሁ፣ ወይም በስካርፔሎ ሰንጥቃችሁ ዳዶውን ብታጠፉት፣ ብሎኑ ሊተርፍ ይችላል። ብሎንና ዳዶ ብቻ ሆኖ ተነቅሎ የሚወጣ ከሆነ ደግሞ ሁለቱንም ቆርጦ በአዲስ መተካት ከሁሉ ይፈጥናል። የሚያሳዝነው ብዙ ሰው ዳዶውን ለማዳን ሲል ትልቁን ዕቃ ማጥፋቱ ነው።

9ኛ. ከተሰበረ። ተሰብሮ ውስጥ ከቀረ፣ ጋሼ እንዳደረጉት ዳዶ መበየድ አንዱ መንገድ ነው። ሁለተኛው በትራፓኖ መብሳት ነው። የጉማጁን መካከል በሹል ብረት ነቁጡ፤ በቀጭን ፑንታ ጀምራችሁ ቀስ በቀስ አስፉት። ከመካከል ከወጣችሁ የማኒፎልዱን ጥርስ ትበሉታላችሁ። በቀዳዳው ውስጥ ገብቶ ጉማጁን የሚያወጣ ግራ ጥርስ ያለው ዕቃም አለ። ነገር ግን እጅግ ጠንካራ ብረት ስለሆነ ውስጥ ከተሰበረ ተራ ፑንታ አይበሳውም፤ ስለዚህ በኃይል አትጠምዝዙት።

ወዳጆቼ፣ መፍታቱ ግማሽ ሥራ ነው። ሁለተኛው ግማሽ፣ ከእናንተ በኋላ ለሚመጣው ሰው ማሰብ ነው። ይህን ብሎን ከጥቂት ዓመታት በኋላ አንድ ሌላ ሾፌር፣ ምናልባት በሌሊት፣ ምናልባትም በበረሃ ይፈታዋል። ስለዚህ የዛገውን አትመልሱ። በብረት ብሎን ላይ የነሐስ ዳዶ ብታስገቡ ነሐስ እንደ ብረት ስለማይዝግ አይጣበቅም። ጥርሱን መዳብ ያለበትን ቅባት ቀቡት፤ ተራ ግራሶ በዚያ ሙቀት ተቃጥሎ ያልቃልና። የተቀባ ብሎን በቀላሉ ስለሚጠብቅ ከመጠን በላይ አታጥብቁት። ሦስቱን ዳዶ በተራ በተራ፣ ጥቂት ጥቂት እያላችሁ እኩል አጥብቁ፤ አዲስ ጓርኒሲዮን ይኑር። ሞተሩን አስነሥታችሁ «ጭክ ጭክ» የሚል ድምፅ መኖሩን አዳምጡ። መኪናው ጥቂት ሄዶ ከቀዘቀዘ በኋላ ደግሞ ተመልከቱ።

ይህን ያህል የደከምሁበትን ምክንያት ልናገርና ልጨርስ። ከጭስ ማውጫ የሚወጣው ካርቦን ሞኖክሳይድ ቀለምም ሽታም የለውም። በደም ውስጥ ካለው ሄሞግሎቢን ጋር ከኦክሲጅን ይልቅ ከ200 እጥፍ በላይ በሆነ ኃይል ይጣበቃል። ስለዚህ ሰው እየተነፈሰ ሳለ አየር ያጥረዋል። ምልክቱ ራስ ምታት፣ ማዞር፣ ማቅለሽለሽና እንቅልፍ እንቅልፍ ማለት ነው። የናፍታ ሞተር ከቤንዚን ያነሰ ያወጣል፤ ቢሆንም ጭሱ ንጹሕ አይደለም። በዓለም የጤና ድርጅት ሥር ያለው የካንሰር ምርምር ድርጅት በ2012 እ.ኤ.አ. የናፍታን ጭስ ካንሰር ከሚያመጡ ነገሮች ጋር መድቦታል። እንግዲህ መኪና ውስጥ ጭስ ሸትቶን ዝም ብለን ሕሙማንን፣ ነፍሰ ጡሮችንና ሕፃናትን ብንጭን፣ ልንረዳቸው ወስደን እንጎዳቸዋለን። ነርሳችን «ራሴን አመመኝ» ባለች ጊዜ ድካም ነው ብለን አልፈናት ቢሆን ኖሮ ጉዳቱ ይከፋ ነበር። ተሳፋሪ እንዲህ ሲላችሁ መስኮት ክፈቱ፤ መኪናውን አቁሙ፤ መርምሩ።

ለፕሮጀክት ሠራተኞች አንድ ነገር አሳስባለሁ። በእያንዳንዱ ጣቢያ አንዲት ትንሽ ሣጥን አዘጋጁ። በውስጧ የሽቦ ብሩሽ፣ ቀጭን ዘይት፣ የመዳብ ቅባት፣ ለመኪናችሁ ልክ የሆኑ ጥቂት ብሎኖችና የነሐስ ዳዶዎች፣ ሮንዴላና አንድ መለዋወጫ ጓርኒሲዮን ይኑር። ከክረምት በፊትና ከክረምት በኋላ የጭስ ማውጫውን ብሎኖች ተመልከቱ፤ ዘይትም ቀቡ።

ለምእመናን ተወካዮች ደግሞ ይህን እላለሁ። ለመኪና መግዣ ስትለምኗችሁ ሰዎች በደስታ ይሰጣሉ፤ መኪና ይታያልና። ለብሎንና ለጓርኒሲዮን ስጡ ቢባል ግን ማን ይሰማል? ሆኖም በዚያች የነሐሴ ሌሊት በእናቲቱና በሆስፒታሉ መካከል የቆመው የመኪና እጦት አልነበረም። መኪናዋ በግቢያችን ቆማ ነበር። የቆመው አንድ ጣት የምታህል ብሎንና የእኔ ችኮላ ነበሩ።

ያንን ስብርባሪ ብሎን አልጣልሁትም። እነሆ፤ በኪሴ ይዤው መጥቻለሁ። ከስብሰባው በኋላ ማየት የሚፈልግ ይየው። ዳዶው ከላዩ ላይ እንደ ተበየደ ነው።

 እግዚአብሔር ሥራችሁን ይባርክ።